ጓዝ ለአራት ቀን

ሐበሻ ድንኳን የሚተክለው ለሁለት ጉዳይ ነው፤ ወይ ሊድር፣ ወይ ሊቀብር። ሦስተኛ ጉዳይ የለውም። ማልዶ ተነስቶ ጎረቤት ደጅ ድንኳን ተተክሎ ያየ ሰው መጀመሪያ ጆሮውን ይሰጣል፤ ዕልልታ ነው ወይስ ዋይታ? ነጠላውን እንዴት አድርጎ እንደሚያጣፋ የሚወስነው ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት መገባደጃ ላይ የእህቴ ልጅ ሙየንጋ ወዳለው ቤታችን ዘው ብሎ «ጋሼ፣ ድንኳን ያስፈልገናል» ሲል ቡና ላይ የነበሩት እናቶች ሁሉ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ማን ሞተ?» አሉ እማማ።

«ኧረ ማንም አልሞተም እማማ። ልንጨፍር ነው።»

«እሰይ! ማን አገባ?»

«ማንም አላገባም።»

«ማንም ካልሞተ፣ ማንም ካላገባ፣ ድንኳኑ ምን ሊያደርግ?»

«ልናድርበት ነዋ።»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ ልጅ የቤት ኪራይ አልከፈለም እንዴ?»

እማማ የማናችንም እናት አይደሉም፤ የሁላችንም ናቸው። ካባላጋላ ላይ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ያልጠየቃቸውን ይመክራሉ። እሳቸው ያልባረኩት ጉዞ ከሙየንጋ ኮረብታ አይወርድም።

አገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ሙየንጋ ከካምፓላ ኮረብቶች አንዱ ነው። አናቱ ላይ የከተማዋ የውሃ ማጠራቀሚያ ታንኮች ስላሉ ታንክ ሂል ይሉታል። ከላይ ሆኖ ለሚያይ የቪክቶሪያ ሐይቅ ወለል ብሎ ይታያል። ቤቶቹ ባለ ትልልቅ ግቢ፣ አጥራቸው ረጃጅም፣ መንገዱ ግን ጉድጓድ በጉድጓድ ነውና ካምፓላዎች ራሳቸው በቀልድ «የሀብታሞች ጭርንቁስ ሰፈር» ይሉታል። ኮረብታውን ወረድ ሲሉ ካባላጋላ ነው። ካባላጋላ በሉጋንዳ ከሙዝና ከካሳቫ ዱቄት የሚጠበስ ጣፋጭ ቂጣም ስሙ ነው፤ ለእኛ ግን በርበሬና ሽሮ የሚገኝበት፣ ከአንዱ ቤት የጀበና ቡና ሲሸት ከሚቀጥለው በቂጣ ለሚጠቀለለው ሮሌክስ እንቁላል የሚጠበስበት ሰፈር ነው። እዚያ ሌሊት የለም። ሙዚቃው እስኪነጋ ይጮሃል፤ ነፋስ ወደ ላይ ከነፈሰ ያለ መግቢያ ክፍያ መኝታ ቤታችን ድረስ ይመጣል። ለዚህ ነው እማማ ነገሩ ያልገባቸው። ሙዚቃ ሽሽት በጥጥ ጆሮውን ወትፎ የሚተኛ ሰፈር፣ ሙዚቃ ፍለጋ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሣር ላይ ሊተኛ!

ነገርየው ኜጌ ኜጌ ይባላል። በ2015 እ.ኤ.አ. አርለን ዲልሲዚያንና ዴሬክ ደብሩ የሚባሉ፣ ከአውሮፓ መጥተው ካምፓላን ቤታቸው ያደረጉ ሁለት ሰዎች ጂንጃ አጠገብ ናይል ዳር የጀመሩት የሙዚቃ ፌስቲቫል ነው። አርለን የግሪክና የአርመን ዝርያ እንዳለው ስሰማ ብዙም አልገረመኝም። አርመንና ሙዚቃን እኛም እናውቃለን፤ ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ልጆች፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ የአገራችንን ዘመናዊ ሙዚቃ ነሐስ በነሐስ ያደረጉት ናቸው። ኜጌ ኜጌ አራት ቀን ከአራት ሌሊት ሳያቋርጥ ይጨፈርበታል። መድረኩ አንድ አይደለም፤ እግር የፈቀደው ወደ ወደደው ይሄዳል፤ የደከመው ድንኳኑ ገብቶ ጋደም ይላል። የአገሩ ሹማምንት ወደውት አያውቁም። በ2018 እ.ኤ.አ. የሥነ ምግባር ሚኒስትሩ ሲሞን ሎኮዶ ከለከሉት፤ ቀኑ ሳይደርስ ተመልሶ ተፈቀደ። በ2022 እ.ኤ.አ. ፓርላማው ይቁም አለ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሮቢና ናባንጃ መመሪያ አስይዘው እንዲካሄድ አደረጉ። ከመመሪያው አንዱ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ እንዳይገባ ይላል። ዕድሜው ከ50 በላይ ስለሆነ ሰው የተጻፈ ነገር አላየሁም። እኔ በዚያ ቀዳዳ ነው የሾለክሁት።

እኛ የሄድንበት የ2017 ዓ.ም. ፌስቲቫል ከኅዳር 12 እስከ 15፣ ካላጋላ ፏፏቴ ዘንድ ነበር። ከጂንጃ ወደ ሰሜን፣ ናይል በድንጋይ መሀል እየተንደረደረ የሚወርድበት ቦታ ነው።

ፈረንጅ ለእንዲህ ያለ ጉዞ ሲዘጋጅ ዝርዝር ይጽፋል። ሐበሻ ኮሚቴ ያቋቁማል። በሚቀጥለው እሑድ ሳሎናችን ውስጥ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተመረጡ። ገንዘብ ያዡን የሚቆጣጠር ተመረጠ። ተቆጣጣሪው አልሄድም ያለ ሰው ነው፤ የማይሄድ ሰው አያዳላም ተብሎ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ። «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር ብቻ ሁለት ሰዓት ተወያየን፤ የተወሰነውም አንድ ነገር ነው፦ ድንኳኑን እኔ ላፈላልግ።

ካምፓላ ድንኳን ሞልቷል። እዚህ አገር ሠርጉም፣ የሽማግሌ አቀባበሉም፣ የምርቃት ግብዣውም ነጭ ድንኳን ሥር ነውና አከራዩ በየሰፈሩ ነው። ለአንዱ ደወልኩ። «ጄባሌኮ ሴቦ! ባለ ሃምሳ ወንበር ነው ባለ መቶ?» አለኝ። ለመተኛት ነው ስለው ለአፍታ ዝም አለና፣ በጣም በአክብሮት፣ እንግዶቹ ርቀው የሚመጡ መሆናቸውን ጠየቀኝ። ሌላው መጋረጃና የፕላስቲክ አበባ ጨምሮ፣ ለሙሽሮች ከፍ ያለ ወንበር መርቆ በቅናሽ ሊያከራየኝ ተስማማ። የእድራችን ድንኳን ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ብሆን ለእድሩ ዳኛ አንድ ቃል ብነግር ድንኳኑ ከነብረት ድስቱ፣ ከነአግዳሚው፣ ከነጡሩምባ ነፊው ይመጣልኝ ነበር። ጡሩምባው ኜጌ ኜጌ ላይ መድረክ አያጣም።

በመጨረሻ ትንንሾቹን፣ በቦርሳ የሚታጠፉትን፣ ልጆቹ ከየጓደኞቻቸው ተዋሱ። አሁን የሚተክል ጠፋ። ብረቱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ሸራው ወደ ቀኝ ይነሳል። ይህን ሁሉ ግቢያችን ጥግ ካለችው ክፍል በር ላይ ቆሞ የሚያይ አንድ ተከራይ አለ፤ ዝምተኛ ሰው ነው። አብረኸን ና ብለነው ነበር። «እኔ የድንኳን ዕዳዬን ናኪቫሌ ከፍያለሁ» ብሎ ነው የመለሰልን። ናኪቫሌ በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስደተኛ የሚሰፍርበት ቦታ ነው፤ የኮንጎው፣ የቡሩንዲው፣ የሶማሌው፣ የእኛም ሰው አለበት። ስንንደፋደፍ አይቶ አላስቻለውም መሰለኝ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። ሦስቱን ድንኳን ሲጋራ አጭሶ በማይጨርስበት ጊዜ አቆማቸውና ትምህርት ሰጠን። በሩ ነፋስ ከሚመጣበት እንዲዞር። ተዳፋት ላይ ከሆነ ጭንቅላት ወደ ላይኛው በኩል እንዲሆን። ዙሪያውን አንድ መዳፍ የሚያህል ቦይ እንድንቆፍር፣ የቦዩም አፍ ወደ ቁልቁለቱ እንዲሆን፤ የጎርፉን መንገድ ያላዘጋጀ ሰው ውሃ ላይ እንደሚያድር። ሸራውን ከውስጥ በኩል በጣት እንዳንነካ፤ የተነካበት ቦታ በዝናብ እንደሚያንጠባጥብ። ከዚያ አፈሩን ከእጁ አራግፎ ወደ ክፍሉ ገባ። ከኮሚቴው ሁሉ ሥራ የሠራ እሱ ብቻ ነው፤ አባልም አይደለም።

ዋናው ክርክር የመጣው ከቀን መቁጠሪያው ነው። ኅዳር 12 ሐሙስ ነው፤ የዓመቱ ሚካኤል። ኅዳር 13 ዓርብ፤ ጾም። ኅዳር 14 ቅዳሜ፤ የፍስክ መጨረሻ፣ ቅበላ። ኅዳር 15 እሑድ፤ ጾመ ነቢያት ይገባል። ፌስቲቫሉን ያዘጋጁት ሰዎች ይህን ሁሉ ሳያውቁ እንዴት አድርገው እንዲህ እንዳገጣጠሙት እማማ እስካሁን ይደነቃሉ። ሲሰሙ ግን ፊታቸው ፈካ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጉዞው የእሳቸው ሆነ። «ሐሙስ ቅዳሴ አስቀድሳችሁ ነው የምትወጡት» አሉ። ጣታቸውን እያጠፉ ቀጠሉ። ሐሙስ ማታ ዶሮ፤ እንዳይበላሽ ከቤት ተሠርቶ በደንብ ቁሌት የበላ። ዓርብ ሽሮና ምስር፣ ጎመን ካላጋላ ይገዛል። ቅዳሜ ቅበላ ነውና ቋንጣ ፍርፍር፣ ከተቻለ ክትፎ። እሑድ ተልባ።

«እማማ፣ እዚያ ምግብ ይሸጣል እኮ» አለ የእህቴ ልጅ። «ሮሌክስ አለ፣ የተጠበሰ ዶሮ አለ...»

«ማን ጠበሰው?» አሉ እማማ። መልስ የለም።

ልጆቹ ለካምፕ ብለው ከሱፐርማርኬት የሚገዙት ነገር ነበር፤ በሙቅ ውሃ የሚራስ ኑድል፣ የታሸገ ባቄላ፣ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ «ኃይል ሰጪ» የሚል የተጻፈበት ብስኩት። እማማ ብስኩቱን አገላብጠው አሽትተው አስቀመጡት። ከዚያ ከጓዳ ስንቅ ማውጣት ጀመሩ። እዚህ ላይ የግሌን ፍርድ ልስጥ። በዓለም ላይ ለመንገድ የተሠራ ምግብ ሁሉ ከበሶ በታች ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ ውሃና ጨው ካለ ምሳ ነው፤ ስኳር ካለ ቁርስ ነው። ድርቆሽ እንጀራ ነው፤ አጥንቱ የቀረ እንጀራ፤ ትንሽ ቁሌት ሲያገኝ ነፍሱ ይመለሳል። ቋንጣ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ። በ1888 ዓ.ም. ከሸዋ ተነስቶ እስከ ዓድዋ በእግሩ የሄደውን ሠራዊት ያደረሰው ይኸው ዓይነት ስንቅ ነው። የወርቃማው ወረቀት ብስኩት ገና የት ያደረሰው ሰው አለ?

ደግሞም ልጆቹ «ካምፒንግ» ሲሉ ለሐበሻ አዲስ ነገር የሚያስተምሩ ይመስላቸዋል። ነገሥታቱ ጎንደር በ1636 እ.ኤ.አ. እስክትቆረቆር ድረስ ለዘመናት የኖሩት ከድንኳን ድንኳን እየተዘዋወሩ ነው። አዲስ አበባ ራሷ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃ ዳር ካስተከሉት ድንኳን የጀመረች ናት፤ ሄደው ወደዱት፣ እዚያው ቀሩ፣ ዋና ከተማ ሆነ። ግሸንን ያየ፣ ለቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19ን ሜዳ ላይ የጠበቀ፣ ሜዳ ላይ ስለማደር ከማንም አይማርም። ጥር 10 ማታ ጃንሜዳ ያደረ ሰው ያውቃል፤ ድንኳኑ የታቦቱ ነው፤ ሕዝቡ ሣር ላይ ነው፤ ከበሮው እስኪነጋ አይተኛም፣ ወጣቱ «ሆ» እያለ ይዞራል፣ ሻማ የምትሸጠዋ፣ ቆሎ የምትሸጠዋ፣ የጠፋ ልጅ የሚያፈላልገው ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም በቦታው ነው። በዓሉን ከጭፈራ ጋር አላወዳድርም፤ እማማም ያነቡታልና። ስለ አዳሩና ስለ ስንቁ ብቻ ነው የምናገረው። እኛ ወጥተን ለማደር ምክንያት ይጎድለን ይሆናል እንጂ ችሎታ አይጎድለንም።

ጀበናው ላይ ተከፋፈልን። ወጣቶቹ «ኡጋንዳ እኮ የቡና አገር ናት፣ እዚያም ቡና አይጠፋም» አሉ። እውነት ነው፤ ሮቡስታ በዱሯ የሚበቅልባት፣ በአፍሪካ ቡና ወደ ውጭ በመላክ ከኢትዮጵያ ጋር የምትፎካከር አገር ናት። ችግሩ ቡናው አይደለም። ሐበሻ ቡና መጠጣት ብቻ ቢሆን የሚፈልገው ኖሮ ጀበና ባልተሠራ። ማን ይቆላ፣ ማን ይቀጥቅጥ፣ ማን ተኝቶ ለበረካ ይነሳ የሚለው ጭቅጭቅ ነው ቡናው። ስለዚህ ጀበና፣ ረከቦት፣ ባለ ስድስት ሲኒ፣ ለሚሰበር መጠባበቂያ ሌላ ስድስት፣ ዕጣን ከነማጨሻው፣ ፈንዲሻ ተጫነ፤ ቄጤማውን እዚያ ናይል ዳር ሞልቷል ብለን በመከራ አስቀረነው። ከሰል ማንደጃውን ኡጋንዳዎች ሲጊሪ የሚሉትን ያዝን። በዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ዝምተኛው ጎረቤታችን ከበሩ ላይ ሆኖ ጮክ ብሎ የተናገረው ይህን ብቻ ነው፦ ሲጊሪ ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ዝናብ ቢጥል አይገባም፣ ብርድ ቢሆን አይገባም፣ ፍም ሆኗል ጭስ የለውም ቢባልም አይገባም። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም።

ስለ ጭስ ካነሳን አይቀር፣ እማማ የሚካኤል ዕለት ሳይወጡ ግቢውን ጠርገው ቆሻሻውን አቃጠሉ። ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲፈጅ የተጀመረውን ልማድ ሙየንጋ ላይም አላስቀሩትም። የግቢው ዘበኛ፣ እዚህ አስካሪ የሚሉት፣ ባልዲ ውሃ ይዞ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

ከዚያ የልብሱ ነገር መጣ። ኅዳር ስንል የሐበሻ አእምሮ የሚያየው ደብረ ብርሃንን ነው፤ ጥርት ያለ ሰማይ፣ ደረቅ ሜዳ፣ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ። ካምፓላ ግን የዝናብ ወቅቷ በዓመት ሁለቴ ነው፤ ሁለተኛው ከመስከረም ተነስቶ ኅዳርን ይዞ ነው። ጂንጃ ከምድር ወገብ ግማሽ ዲግሪ ያህል ብትርቅ ነው፤ ሌሊቱ ይሞቃል፣ ይዘንባል፣ ትንኙ ይነሳል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖረናል። ቢሆንም «ኅዳር» የሚለው ቃል ከዕውቀታችን በልጦ ሁሉም ሰው ጋቢ ይዞ መጣ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ኦዊኖ ገበያ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ስሊፒንግ ባግ አገኘ፤ አውሮፓ ውስጥ አንድ ሰው ተራራ ሊወጣበት የገዛው መሆን አለበት፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ድረስ ይሞቃል የሚል ተጽፎበታል። ለሙከራ ሳሎን ውስጥ ገብቶበት ዚፑን እስከ አገጩ ዘጋ። ስንከፍትለት ከድስት እንደወጣ ዱባ ነበር። ጋቢ በበኩሉ ሲሞቅ ይገፈፋል፣ ሲበርድ ይታጠፋል፣ ሲደክም ይነጠፋል፣ ሲዘንብ ግን እውነቱን መናገር አለብን፣ ውሃ ጠጥቶ አንድ በግ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ለዝናቡ ፕላስቲክ ሸራ፣ ለጭቃው ቦት ጫማ፣ ለትንኙ አጎበርና የሚቀባ መድኃኒት ተጨመረ። ወባን ኡጋንዳ ውስጥ የሚንቅ ሰው፣ ወይ ገና የመጣ ነው ወይ ገና አልታመመም።

መኪናው ላይ ጓዝ ሲጫን ደግሞ የናይል ጉዳይ ተነሳ። ካላጋላ ከመድረሳችን በፊት ጂንጃ ላይ «የናይል ምንጭ» የተባለውን ቦታ እንጎብኝ የሚል ሐሳብ ከአንዱ ወጣት መጣ። ከሰብሳቢያችን ጋር ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። ሰብሳቢያችን ጎጃሜ ናቸው። «የማን ምንጭ?» አሉ። ጆን ስፔክ በሐምሌ 1862 እ.ኤ.አ. እዚያ ደርሶ ሐይቁ ወደ ወንዝ ሲለወጥ ማየቱን ወጣቱ አስረዳ። ሰብሳቢው ፔድሮ ፓኤዝ ግሽ ዓባይ ላይ በ1618 እ.ኤ.አ. ቆሞ እንደነበረ፣ ጄምስ ብሩስም በ1770 እዚያው እንደደረሰ፣ አስዋን ከሚገባው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከእኛ ተራሮች እንደሚወርድ፣ ስፔክም በሕይወት ቢኖር ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት በረጅሙ ተናገሩ። ነጩም ጥቁሩም ካርቱም ላይ ይገናኛሉ ብዬ ላስታርቅ ሞከርኩ። «መገናኘቱንስ ይገናኙ፤ ማን ማንን እንደተሸከመ ይታወቃል» አሉኝ። በድምፅ ብልጫ ጉብኝቱ ተሰረዘ። እኔ ውስጥ ውስጡን ያሰብኩት ሌላ ነበር፤ ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለው ተረት ስለ ወንዙ ይሁን ስለ ኮሚቴያችን አልለይ ብሎኝ ነበር። ማደሪያ ወደሌለው ወንዝ፣ ማደሪያ ተሸክመን፣ አገር የሚያህል ጓዝ ይዘን ልንሄድ ነው።

አስካሪው ምጣድ ሲወጣ አይቷል። ፍራሽ ሲወጣ አይቷል። ሞሰብ ሲወጣ ሲያይ ግን ለአከራያችን ስልክ ደወለ። ሰውየው ቦዳ ቦዳ በሚሉት ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጦ፣ የራስ ቁሩን ሳያወልቅ ደረሰ። ተከራዮቹ ሌሊት ከነኪራዩ ሊጠፉ ነው ተብሎ ነው የተነገረው። «ለአራት ቀን ነው ሴቦ፣ ለጭፈራ» ብንለው ሞሰቡን አየ፣ ምጣዱን አየ፣ እማማን አየ። አላመነም። ሊያምን የቻለው እማማ ከሐሙሱ ዶሮ አንድ ብልት አውጥተው በእንጀራ ጠቅልለው ካጎረሱት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ኪራዩን ትቶ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፤ መኪናው ውስጥ ቦታ ይኖር እንደሆነ።

ስለ ሙዚቃው የሚጽፉ ሌሎች አሉ። ጮሆ ነበር፣ ጥሩ ነበር፣ ዘንቦብናል፣ ቦዩ ሠርቷል። ቅዳሜ ማታ ድንኳናችን ደጃፍ ላይ ፈንዲሻው ተረጭቶ ዕጣኑ ሲጨስ ከጎረቤት ድንኳኖች የመጣው ሰው በሲኒዎቹ ልክ አልነበረም፤ መጠባበቂያዎቹ ስድስቱም ወጥተው አልበቁም። አቦል ስንት ነው ብሎ ኪሱ የገባም ነበር። እማማ ገንዘቡን መለሱለት፤ ቶናን ሳይጠጣ እንዳይሄድ ግን አስጠነቀቁት።

እንግዲህ ከሙየንጋም ሆነ ከካንሳንጋ ወደፊት የምትሄዱ ወገኖች፣ ምክሬ አጭር ነው። ከካምፓላ የምትወጡት በጠዋት ይሁን፤ ረፈድ ካለ ሙኮኖን ሳታልፉ ይመሻል። ናማዎጆሎ ላይ በመስኮት የሚቀርበውን ዶሮና የተጠበሰ ጎንጃ ሙዝ ግዙ፣ እማማ ካሉ ግን ተደብቃችሁ ብሉ። የድስቱን ክዳን በገመድ እሰሩት፤ ከማቢራ ደን በኋላ ያለውን ጉብታ ወጥ አያውቀውም። ድንኳኑን ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ግቢያችሁ ውስጥ ተክላችሁ ንቀሉት፤ ጎረቤት ሊያጽናና ቢመጣ ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት። ጀበናውና ረከቦቱ ደግሞ በተለያየ መኪና አይሂዱ።